ክሮስ ስቲች፦ የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ክር፣ ዕቃውስ በምን ይቀመጥ?

በኤክስ ቅርጽ የሚሠራው ጥልፍ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የትራስ ልብስ ላይ «መልካም እንቅልፍ»፣ የጠረጴዛ ልብስ ጥግ ላይ ጽጌረዳ የጠለፈች እናት ወይም አክስት ያልነበረችበት ቤት ጥቂት ነው። አዲሱ ነገር የዕቃው ብዛት ነው። ዛሬ ስልኩ ላይ «ክሮስ ስቲች» ብሎ የፈለገ ሰው አምስት ዓይነት ጨርቅ፣ በመቶ የሚቆጠር የክር ቀለም፣ ሥዕሉ የታተመበት ኪት (ጨርቅ፣ ክርና ንድፍ አብሮ የታሸገበት)፣ ያልታተመበት ኪት፣ ክብ መወጠሪያ፣ አራት ማዕዘን መወጠሪያ፣ ሳጥን በሳጥን ይደረደርለታል። ጀማሪው ወይ ሁሉንም ይገዛል፣ ወይ ግራ ገብቶት ይተወዋል።

ክሮስ ስቲች ከሌላው ጥልፍ የሚለየው የመቁጠር ሥራ በመሆኑ ነው። አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ከሳታችሁ፣ ስህተቱ የሚታየው ሠላሳ ረድፍ ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ የዚያን ጊዜ መፍታት ነው። ስለዚህ ዕቃ ሳወዳድር ከዋጋው በፊት የምጠይቀው፣ ቆጠራዬን ይጠብቅልኛል ወይስ ያስጠፋብኛል ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነው።

የታተመበት ወይስ የሚቆጠር?

የታተመበት ኪት ሥዕሉ ጨርቁ ላይ በቀለም ተስሎ የሚመጣ ነው። በየካሬው ያለውን ቀለም ወይም ምልክት እያያችሁ በላዩ ላይ መጥለፍ ብቻ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ጨርቁ ባዶ ነው፤ ንድፉ በወረቀት ወይም በስልክ ላይ አለ፣ እናንተ እየቆጠራችሁ ወደ ጨርቁ ታሻግራላችሁ።

የታተመበት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እያወራ መሥራት ይቻላል። ሳሎን የሚሰቀሉት ትላልቅ የእመቤታችን ወይም የመጨረሻው እራት ሥዕሎች በዚህ መንገድ ሲሠሩ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳሉ። ችግሩ ሕትመቱ ሁልጊዜ ከጨርቁ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። መሃል ላይ ልክ የነበረው ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ በሁለት ካሬ መካከል ይወድቃል፣ ያኔ ግምት ይገባል። ልብስ ላይ ከሆነ ግምቱ ምንም አይደል፤ ፊት ላይ ከሆነ ግን አንዲት ካሬ ዓይንን ታንሸዋርራለች። ስለዚህ የታተመ ኪት ስትገዙ ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍም አብሮ መኖሩን እዩ፤ ለፊትና ለእጅ እሱን ትቆጥራላችሁ።

ሌላው ጣጣ ቀለሙ ነው። አብዛኛው የሚታተመው ውኃ በሚያስለቅቀው ቀለም ነውና ሥራው ሳያልቅ አታጥቡት፤ ካለቀ በኋላም ሳታጥቡ በፍጹም ካውያ አታስነኩት። ሙቀት ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል፣ ከዚያ በኋላ ማጠብ አያስለቅቀውም።

የሚቆጠረው ሲጀመር ያስፈራል፤ በትንሽ ንድፍ ከጀመራችሁ ግን ፍርሃቱ ቶሎ ይለቃል። ጨርቁን አራት አጥፋችሁ መሃሉን አግኙ፣ ከንድፉ መሃል ጀምሩ። ንድፎች በየ10 ካሬው ወፍራም መስመር አላቸው፤ ጨርቁም ላይ በየ10 ካሬው በሚታጠብ እስክሪፕቶ ወይም በቀጭን ክር መስመር ብትሠሩበት የምትቆጥሩት ከ10 አያልፍም። አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚሠራው ፓተርን ኪፐር የሚባለው መተግበሪያ የጨረሳችሁትን እያጠቆረ፣ የቀረውን እያጎላ ያሳያል፤ ትልቅ ንድፍ ለሚይዝ ሰው ያዋጣል።

የእኔ ምርጫ የሚቆጠረው ነው፣ ምክንያቱም የራስን ነገር መጥለፍ የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው። የላሊበላ ወይም የጎንደር መስቀል፣ በብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለው ሐረግ፣ የጥበብ ጥለት፣ እነዚህ ሁሉ ካሬ ወረቀት ላይ ሲወርዱ እንደተፈጠሩለት ይቀመጣሉ። ፊደል ግን ቦታ ይፈልጋል። ለላቲን ፊደል የሚበቃው የ7 ካሬ ቁመት «ጩ» ወይም «ሿ» ሲመጣ ይጠባል፤ ከ10 ካሬ በታች አትውረዱ፣ አለዚያ ቅጥሎቹ ከገላው ጋር ይጣበቃሉ።

ጨርቁ፦ 11፣ 14፣ 16 ወይስ 18?

ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ዋናው ጨርቅ አይዳ ይባላል። ክሮቹ በቡድን ተሸምነው ጥርት ያለ ካሬና ቀዳዳ ይሠራሉ። ቁጥሩ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ካሬ እንዳለ ይናገራል። ቁጥሩ ሲጨምር ካሬው ያንሳል፣ ሥዕሉም ይጠባል፣ ዓይንም ይደክማል።

ሒሳቡን አንዴ ብታውቁት ለዘላለም ይበቃችኋል። የካሬውን ብዛት ለጨርቁ ቁጥር አካፍሉ፣ በ2.54 አባዙ። 140 ካሬ ስፋት ያለው ንድፍ በ11 ቁጥር ጨርቅ 32 ሴንቲ ሜትር፣ በ14 ቁጥር 25.4፣ በ16 ቁጥር 22፣ በ18 ቁጥር ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ በየጎኑ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ለማወጠሪያና ለፍሬም ጨምሩ። ይህን ትርፍ የሚሰስት ሰው ፍሬም ሠሪው ዘንድ ሲደርስ ይጸጸታል።

ለጀማሪ 14 ቁጥር። ካሬው ያለ መነጽር ይታያል፣ ብዙው ንድፍ የሚዘጋጀው ለእሱ ነው፣ ከክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትሎች ሁለቱ በደንብ ይሸፍኑታል። 11 ቁጥር ለልጆች፣ ዓይናቸው ለደከመ እናቶችና ለትላልቅ የታተሙ ሥዕሎች ነው፤ ሦስት ፈትል ስለሚፈልግ ክር ይበላል። 16 ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ግን ሁለተኛ ሥራችሁ ይሁን። 18ን የምመክረው ብርሃን ላለውና ትዕግሥቱ ላልተሟጠጠ ሰው ብቻ ነው። ጥቁር ጨርቅ ከመረጣችሁ ነጭ ፎጣ ጭናችሁ ላይ አንጥፉ፤ ቀዳዳዎቹ ከሥር በሚመጣው ነጭ ይታያሉ።

ሊኒን ሌላ ዓለም ነው። ክሩ በቡድን ስላልተሸመነ አንዱን ኤክስ በሁለት ክር ላይ ታሳርፋላችሁ፤ 28 ቁጥር ሊኒን በዚህ አሠራር ልክ እንደ 14 ቁጥር አይዳ ይሆናል። ውበቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፣ በተለይ መደቡ ሳይጠለፍ ለሚቀር ንድፍ። ቆጠራ ለማሳት ግን የሱን ያህል የሚመቸው የለም።

በሸማ ላይስ? ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ላይ በቀጥታ ቆጥሮ መጥለፍ አይመከርም፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ እኩል ስለማይወፍር ኤክሱ አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል፣ ክቡ መስቀል እንቁላል ይመስላል። መፍትሔው ከሥራ በኋላ የሚወገድ ካንቫስ ነው። ሸማው ላይ በላላ ጊዜያዊ ስፌት ይያያዛል፣ በካንቫሱ ካሬ ላይ ይጠለፋል፣ ሲያልቅ ረጠብ ተደርጎ የካንቫሱ ክር አንድ በአንድ ይሳባል። ውኃ ውስጥ የሚሟሟም አለ፤ እሱ ይቀላል፣ ግን ሸማው መታጠብ የሚችል መሆን አለበት።

ክር፦ ውዱ ለምን ውድ ሆነ?

የዓለም መለኪያ ሆኖ የተቀመጠው ዲ.ኤም.ሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ። ቱባው 8 ሜትር፣ ስድስት ፈትል ያለው ጥጥ ሲሆን ቀለሞቹ 500 ናቸው። አንከር የሚባለውም በጥራት አይተናነስም፤ የቀለሞቹ ቁጥር ግን የተለየ ነው፣ ስለዚህ በዲ.ኤም.ሲ የተዘጋጀ ንድፍ በአንከር ለመሥራት ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፣ ተዛማጁም ቁርጥ ያለ አይደለም። ሦስተኛው ከቻይና በጥቅል የሚመጣው ርካሽ ክር ነው፤ ብዙው የዲ.ኤም.ሲን ቁጥር ይጠቀማል፣ ቀለሙ ግን ከቱባ ቱባ ሊለያይ ይችላል።

ርካሹን ጨርሶ አልንቀውም። ለልምምድ፣ ለልጆች፣ ለዕልባትና ለቁልፍ መያዣ በቂ ነው። የማልደራደረው በቀይ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የምንጠልፍ ሰዎች ስለሆንን ቀዩ ከለቀቀ ሥራው አለቀለት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከቱባው ጣት የምታህል ቆርጣችሁ ሞቅ ባለ ውኃ አርጥቡ፣ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ሶፍቱ ሮዝ ከሆነ ያ ክር ነጭ ጨርቅ አይነካም። ውድ ነው የተባለውንም ደማቅ ቀይ መፈተን አይጎዳም።

ስለ ቀይ ካነሳን፣ የዲ.ኤም.ሲ ደማቅ ቀይ ቁጥሩ 666 ነው። ለመስቀል ጥልፍ ይህን ቁጥር መግዛት የከበደው ሰው 321ን ይውሰድ፤ ትንሽ ሰከን ያለ ነው፣ እንዲያውም ከጥበብ ቀይ ጋር የበለጠ ይሄዳል። ለወርቃማው ደግሞ የሚያብረቀርቀውን የብረት መልክ ያለው ክር ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ይሰነጠቃል፣ ይቋጠራል፣ መርፌው ዓይን ላይ ይላጫል። 3820 ወይም 783 ቁጥር ጥጥ ከሩቅ ሲታይ ወርቅ ይመስላል፣ ነርቭ አይነካም።

አንድ ቱባ በ14 ቁጥር ጨርቅ በሁለት ፈትል ከ1,500 እስከ 1,800 ኤክስ ገደማ ያወጣል፣ እንደ አቆራረጣችሁ። ለመደብ የሚሆነውን ቀለም አስልታችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ከወራት በኋላ የሚመጣው ቱባ በመንከሪያ ዙር ሊለይ ይችላል። ክሩን ስትቆርጡ አንድ ክንድ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ በየቀዳዳው እያለፈ ይሻክራል።

መርፌው ጫፉ ደነዝ የሆነው ይሁን፤ ለ14 ቁጥር ጨርቅ 24፣ ለ16 እና 18 ደግሞ 26 ቁጥር። ሹል መርፌ የጨርቁን ክር ይወጋል እንጂ ቀዳዳውን አይፈልግም። አጀማመሩም ያለ ቋጠሮ ነው፦ ሁለት ክንድ የሚሆን አንድ ፈትል ወስዳችሁ እጠፉት፣ ሁለቱን ጫፎች መርፌው ውስጥ አስገቡ፣ የታጠፈው ቀለበት በጀርባ ይቅር። ከታች ወጥታችሁ በሰያፍ ስትወርዱ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ሳቡ፤ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ሰያፍ መስመር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ካልተኛ ብርሃን ሲያርፍበት ጥልፉ እዚህም እዚያም ይቆሽሻል፣ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንኳ ያስታውቃል።

መወጠሪያ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ክብ የእንጨት መወጠሪያ ለ25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ላለ ሥራ ይበቃል። በጣም ርካሹ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ብሎኑ አይጠብቅም፣ ጨርቁ ይላላል። የውስጠኛውን ቀለበት በጥጥ ጥብጣብ ብትጠቀልሉት ያዝ ያደርጋል። ለትላልቅ ሥራ ከፕላስቲክ ቱቦ የሚገጣጠመው አራት ማዕዘን ይሻላል፣ ምልክት አይተውም፣ ተፈትቶ ይቀመጣል። ያለ መወጠሪያ በእጅ የሚሠሩም አሉ፤ አይዳው ጠጣር ከሆነ ያስኬዳል። የትኛውንም ብትመርጡ ሥራ ስታቆሙ ጨርቁን አውጡት። በክቡ ላይ ለሳምንታት የተቀመጠ ጨርቅ የሚተወው ክብ ቆሻሻ ከክሩ ጋር አብሮ ይኖራል።

ዕቃው በምን ይቀመጥ?

የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ብስኩት ጠብቆ ክርና ቁልፍ ያላገኘ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቆርቆሮው ደግሞ በደንብ ያገለግላል፦ አቧራ አያስገባም፣ ፀሐይ አያስነካም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። እስከ አሥር ቀለም ድረስ ሌላ ነገር አትግዙ። ከዚያ ሲያልፍ ቱባዎቹ ይተበተባሉ፣ የወረቀት ቀለበታቸው ይወልቃል፣ ቁጥራቸውም አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩ የጠፋ ክር ስሙ የጠፋ ክር ነው። 310 ጥቁርና 3371 ጥቁር ቡኒ በማታ አምፖል ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አይለዩም፤ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ስታዩት ግማሹ ፀጉር ጥቁር፣ ግማሹ ቡኒ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ክሩን በትንሽ ካርድ ላይ አጠንጥኖ ክፍልፋይ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን መደርደር ነው። ካርዱን ከጫማ ካርቶን መቁረጥ ይቻላል፤ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ጎኑ ገባ ያለ፣ አናቱ ላይ ክሩ የሚያዝበት ስንጥቅ። ቁጥሩን በማይለቅ ማርከር አናቱ ላይ ጻፉ፣ ክሩን ከማጠንጠናችሁ በፊት። አጥብቃችሁ አታጠንጥኑ፣ ክሩ ይታጠፍና ሲጠለፍ ማዕዘኑ ይታያል። ሳጥኑ ሲከፈት ዓይን ያስደስታል፤ የሚፈለገው ቀለም በአፍታ ይገኛል። ጉዳቱ ጊዜ ነው፣ ሙሉ ቱባ ሁሉ መፈታት አለበት። ይህን ሥራ እንደ መዝናኛ የሚያዩ አሉ፣ እኔ ከነሱ አይደለሁም።

ሦስተኛው ባለ ዚፕ ትንንሽ ፌስታል ነው። ቱባው ከነወረቀቱ ይገባል፣ ቁጥሩ ከውጭ ይታያል፣ ጥጉ ተበስቶ በቁልፍ መያዣ ቀለበት ይሰካል። በየ100 ቁጥሩ አንድ ቀለበት ብታደርጉ ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቀላል፣ ቤት ሲቀየር ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለተከራይ፣ በየዓመቱ ሰፈር ለሚቀይር፣ ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ሰው ከሁሉ ይሻላል። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው።

በቀለም ይደርደር ወይስ በቁጥር? በቁጥር። በቀለም የተደረደረ ለፎቶ ያምራል፤ ንድፉ ግን የሚጠይቃችሁ «ፈዛዛ ሰማያዊ» ብሎ ሳይሆን 3325 ብሎ ነው።

ከማከማቻው የበለጠ የጠቀመኝ ነገር በሥራ ላይ ያለውን ከተቀመጠው መለየት ነው። ረዘም ያለ ካርቶን ቁራጭ ትወስዳላችሁ፣ ጠርዙን በወረቀት መብሻ በረድፍ ትበሳላችሁ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቀለም፣ በክንድ በክንድ ተቆርጦ፣ መሃሉ ታጥፎ እንደ ቀለበት ይሰቀላል። ከቀዳዳው ጎን ሁለት ነገር ይጻፋል፦ የክሩ ቁጥርና ንድፉ ላይ ያለው ምልክት። ሥራ ስትጀምሩ ሳጥን መክፈት የለም፤ ያቺ ካርቶን፣ ጨርቁ፣ መርፌና መቀስ በአንድ ባለ ዚፕ ከረጢት ይሁኑ። እንግዳ ሲመጣ ዚፑን ዘግታችሁ ትነሣላችሁ፣ ስትመለሱ ያቆማችሁበት ምልክት ይጠብቃችኋል።

ቁርጥራጩስ? ከስንዝር ያጠረ ይጣል። ከዚያ የረዘመው በየፌስታሉ ተመልሶ ይግባ፣ አንዲት ቅጠል ወይም የዓይን ብሌን ይሞላል። መርፌ ጨርቁ ላይ ሰክቶ ማሳደር በተለይ በክረምት ዝገት ያትማል፤ ማግኔት ላይ አሳርፉት፣ የሚድኽ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጠሩት። መቀሱ ወረቀት አይቁረጥ።

ያላችሁን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። መርካቶ ስትወጡ አንዱን ሁለቴ ከመግዛት ያድናል። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድም «ቀይ ክር አምጪልኝ» ብላችሁ አትላኩ፤ ቁጥሩንና የቱባውን ብዛት ጽፋችሁ፣ የወረቀቱን ፎቶ ጨምራችሁ ላኩ። አሜሪካ ያሉት ይገዙበት የነበረው ጆአን እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ስለዘጋ አሁን ማይክልስን ወይም በኢንተርኔት ማዘዝን ንገሯቸው።

ካለቀ በኋላ፦ ፍሬም፣ ትራስ ወይስ ጥቅልል?

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ ሳይጨመቅ በፎጣ ይጠቅለል፣ ገና እርጥበት እያለው በፊቱ ፎጣ ላይ ተደፍቶ ከጀርባው ይተኮስ። የታተመ ኪት ከሆነ ኪቱ ላይ ያለውን የውኃ ሙቀት ተከተሉ።

ፊት ያለበት ሥዕልና ጽሑፍ ለፍሬም ነው። መስታወቱ ክሩን እንዳይጫነው ከጠርዙ በኩል ስስ ካርቶን ይግባበት፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ከሚገባበት ግድግዳም አርቁት። አበባና ጥለት ለትራስ ይሻላል፤ ትራስ ግን በተደጋጋሚ ይታጠባልና ክሩ ከመጀመሪያው የተፈተነ መሆን አለበት። ስጦታ ሆኖ አገር የሚያቋርጥ ከሆነ ፍሬሙን ተዉት፣ መስታወት በሻንጣ አይሄድም። ጥልፉ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ከታጠፈ የመታጠፊያው መስመር በካውያም ቶሎ አይለቅም። መጠኑን ስትወስኑ የፍሬም ሱቅ ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ልኬቶች አንዱን አስቡ፣ ለምሳሌ 20 በ25 ወይም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፤ ተቀባዩ ልዩ ፍሬም ከማሠራት ይድናል።